ኮርቻ ሰሪውና የኬላው ጠባቂ

አንድ ኮርቻ ሰሪ ነበር፤ ይመኑ ይባላል። በሚኖርበት ከተማ መግቢያ ላይ አያ ደምለው የሚባሉ ኬላ ጠባቂ ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ "ጥሩ ሠራተኛ የት አለ?" ብሎ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። እሳቸው ደግሞ የሚመልሱት ከከተማው የሚወጡ ሰዎች ሲያወሩ የሰሙትን ነው።

ሌላ ኮርቻ ሰሪ ሱቅ ሲከፍት የይመኑ ገበያ ቀዘቀዘ። እንዲህ ከቀጠለ የአባቱን ሙያ ትቶ ከተማውን መልቀቁ ነው። ጨነቀውና አንድ ዘዴ ፈጠረ። ከደጁ የሚወጣውን ሁሉ "ኬላው ጋ ስትደርስ 'ከይመኑ ኮርቻ የሚበልጥ ኮርቻ የለም' በል" እያለ ያስጠና ጀመር። ቃል የሳተውን መልሶ ያስደግማል። ውሃ ለምነው የጠጡ አንዲት መነኩሴ እንኳ ሳያጠኑ አልወጡም።

አያ ደምለው መጀመሪያ ሰሞን አመኑ። እማሆይ በእግራቸው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መጥተው ስለ ኮርቻ ሲመሰክሩ ግን ሳቃቸው መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንግዳውን ሁሉ ወደ አዲሱ ሰሪ ይልኩ ጀመር።

ይመኑ ተናዶ ኬላው ድረስ ሄደ።

"አያ ደምለው፣ ኮርቻዬ ምን ሆኖብዎት ነው?"

"ኮርቻህስ ምንም አልሆነ። ሰዉ ሁሉ ግን በአንተ አፍ ነው የሚያወራው። በቅሎ ነጂ ስለ በቅሎው፣ ሽማግሌ ስለ ወገቡ ያወራል እንጂ እንዴት ሁሉም ቃል በቃል አንድ ይሆናል? ደግሞስ እንዲያ ሲሉኝ ማንን እንደምልክልህ በምን ልወቅ?"

ይመኑ አፈረ። ማስጠናቱን ትቶ ስፌቱ ላይ አተኮረ።

ከዚያ በኋላ ኬላው ላይ የሚሰማው ወሬ ተለያየ። "በቅሎዬ ጀርባዋ አልተላጠም" አለ አንድ ነጋዴ። "ሙሽራዋ ሳትንገላታ ደረሰች" አሉ ሚዜዎች። አንዱ ስሙን እንኳ ሳያስታውስ "ከወንዙ ማዶ ያለው ሰውዬ ጋ ሂዱ" ብሎ አለፈ። ሌላው "ዋጋው ይወደዳል፤ ግን አይበጠስም" ሲል አጉረመረመ። አያ ደምለው ሁሉንም ሰሙ። ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ የሚጎትትም፣ ሙሽራ የሚያጅብም ሲመጣ የይመኑን ቤት ያመለክቱት ጀመር። ይመኑ ከተማውን መልቀቁ ቀርቶ እንዲያውም ረዳት ቀጠረ።

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ኬላ ጠባቂ የኢንተርኔት መፈለጊያው ነው። ሌሎች ወደ ድረ ገጻችሁ የሚወስድ ሊንክ ሲያስቀምጡ፣ ሊንኩ የተጻፈበት ቃል በየቦታው አንድ ዓይነት ከሆነ እሱም ይጠረጥራል፤ በፍለጋ ውጤቱም ወደ ኋላ ይጥላችኋል። ስለዚህ አንዱ በስማችሁ፣ ሌላው በሥራችሁ፣ ሌላው እንዲያው "እዚህ ተመልከቱ" ብሎ ይጥቀሳችሁ። ምስክር የሚታመነው በራሱ አፍ ሲናገር ነው። እናንተስ ለደንበኞቻችሁ የሚያወሩለትን ሥራ እየሰጣችሁ ነው ወይስ የሚያወሩትን ቃል?