ጠብታ የማያስገባው ሳጥን

አንድ በያጅ ዝናብ በሚበዛባት ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ አጥናፉ ይባላል። በርና መስኮትም ይሠራል፤ በከተማዋ የታወቀው ግን ከቤት ውጭ ግድግዳ ላይ በሚሰቀል የላሜራ ሳጥን ነው። ሳጥኑ የመብራት ቆጣሪን፣ ብሬከርን ወይም የውሃ ፓምፕ ማብሪያን ከዝናብ ይከልላል። በዚያች ከተማ ክረምቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ዘግይቶም ይሄዳል። ሰዉ ቆጣሪውን በፌስታል ሲሸፍን ነፋስ ይወስድበታል፤ በጣውላ ሲሸፍን ጣውላው ይበሰብስበታል። ስለዚህ የአጥናፉ ሳጥን ሲመጣ ብዙ ቤት እፎይ አለ።

አጥናፉ ሳጥኑን የሚሸጠው አስመስክሮ ነው። በገበያ ቀን ሱቁ ደጃፍ ላይ ያቆመዋል፣ ውስጡ ዱቄት ይነሰንሳል፣ በሩን ይዘጋል። ከዚያ ገዢው ራሱ ባልዲ አንስቶ ውሃ ያፈስበታል። በሩ ሲከፈት ዱቄቱ ደረቅ ነው።

«ዱቄቱ ከራሰ ሳጥኑን በነጻ ውሰድ» ይላል አጥናፉ። «ይህ ሳጥን ጠብታ አያስገባም። መርፌ የሚያሾልክ ቀዳዳ የለውም።»

እውነቱን ነው፤ ዱቄቱ ርሶ አያውቅም። ሽቦ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚበሳው የመብራት ሠራተኛው ከድር ነው። እሱ ሳጥኑን ገዢው ቤት ሄዶ ይሰቅላል፣ ይበሳል፣ ሽቦውን ያስገባል። ያ የከድር ጉዳይ ነው። የአጥናፉ ሥራ ሱቁ ደጃፍ ላይ ያበቃል።

አንድ ቀን አስካለ የምትባል ደንበኛው ወደ ሱቁ መጣች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እሱ መንገድ ሲወጣ ግቢውን፣ ልጆቹንና ተከራዮቹን የምታስተዳድረው እሷ ናት። የጉድጓድ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ማብሪያ ያለው በአጥናፉ ሳጥን ውስጥ ነው።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ሳጥንህ ይነዝረኛል» አለችው።

«ምን ስታደርጊው?»

«በሩን ስከፍት። ዝናብ ባደረ ማግስት ደግሞ ይብሳል።»

«ልብስ እያጠብሽ ነው የምትነኪው?»

«ታዲያ ፓምፑን የማስነሳው ልብስ ላጥብ አይደል?»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእጅሽ ነው። ኮረንቲ እርጥብ ይወዳል። እጅሽን አድርቀሽ ንኪው።»

ሱቁ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች አንዱ «ባልሽ መንገድ ሲወጣ ሳጥኑ ሰላም ሊልሽ ፈልጎ ነው» አላት። ሌሎቹ ሳቁ። አጥናፉም ፈገግ አለ።

«ናና አንተንም ሰላም ይበልህ» ብላው ሄደች።

አስካለ ለከድርም ነገረችው። ከድር በአንድ ፀሐያማ ቀን መጥቶ ሳጥኑን በመሞከሪያው ነካካውና «ምንም የለውም» ብሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለመደ። ከተከራዮቹ አንዷ አሮጌ የእንጨት ማማሰያ አምጥታ ከሳጥኑ አጠገብ ሰቀለች። ሳጥኑ የሚከፈተውና የሚዘጋው በማማሰያው ሆነ። አዲስ ተከራይ ሲገባ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ይነገረዋል፣ ቀጥሎም «ሳጥኑን በእንጨቱ ነው የምንከፍተው» ይባላል። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። የበሩ መቀርቀሪያ እንደሚጠብቅ፣ ጣሪያው አንድ ጥግ ላይ እንደሚያፈስ ሁሉ፣ ይህም የቤቱ ጠባይ ተደርጎ ተቆጠረ።

በዚያው ዓመት የከተማዋ ትምህርት ቤት ለተማሪዎች የእጅ መታጠቢያ ሊሠራ ፓምፕ አስተከለ። የወላጆች ኮሚቴ ሳጥኖቹን አጥናፉ እንዲሠራ ወሰነ። በኮሚቴው ፊት ዱቄት ተነሰነሰ፣ ውሃ ፈሰሰ፣ ዱቄቱ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። አጥናፉ ደስ አለው። ላሜራ ቆርጦ፣ በይዶ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ሳጥኖቹን ሱቁ ውስጥ ደረደራቸው።

የፋሲካ ዋዜማ ደረሰ። የአስካለ ባል ከመንገድ በግ ይዞ መጥቶ ነበር። በጉን ያሰሩት ከሳጥኑ ጎን ወጥቶ ሽቦ ይዞ ወደ ፓምፑ በሚወርደው የብረት ቧንቧ ላይ ነው፤ ግቢው ውስጥ ከዚያ የተሻለ ጠንካራ ነገር አልነበረም። የአስካለ ትንሽ ልጅ ጠዋት ሣር ስታበላው ቆየች። ከዚያ ዝናብ መጣና ሁሉም ወደ ቤት ገባ። ዝናቡ ጋብ ሲል በጉ አራት እግሩን ዘርግቶ ሞቶ ተገኘ።

«ታሞ ነው ያመጣኸው» አለ አንድ ተከራይ ለባልየው። በጉን ከጭቃው ለማንሳትም ጎንበስ አለ። ገመዱን ሊፈታ ቧንቧውን ሲነካው ኮረንቲው ወርውሮ ጭቃው ውስጥ ዘረረው። ተነሣ፤ ክንዱ ግን ሲንቀጠቀጥ ቆየ። በጉ በበሽታ እንዳልሞተ ያን ጊዜ ሁሉም ገባው።

አስካለ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል አጥናፉ ሱቅ ደረሰች። ሱቁ ለበዓል ቤታቸውን በሚያሳድሱ ሰዎች ተሞልቷል።

«ጋሽ አጥናፉ፣ በጌ ቧንቧው ላይ እንደታሰረ ሞተ።»

አጥናፉ መዶሻውን እንደያዘ ቆመ።

«በጉ ልብስ አያጥብም ነበር» አለች።

ማንም አልሳቀም። አጥናፉ መዶሻውን አስቀመጠ። ሱቁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ ከድርን ከቤቱ ጠርቶ፣ ሦስቱም ወደ ግቢው ሄዱ።

ከድር መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው ላይ አጠፋ። ሳጥኑንና ቧንቧውን በመሞከሪያው ነክቶ ኮረንቲ እንደሌለው ካረጋገጠ በኋላ በሩን ከፈተ። ሳጥኑ ወለል ላይ አንድ ጣት ያህል ዝገት የቀላቀለ ውሃ ተኝቷል። ወደ ፓምፑ የሚሄደው ሽቦ መጋጠሚያ ውሃው ውስጥ ነው።

«ሳጥንህ ውሃ ይዟል» አለ ከድር።

«ሳጥኔ ውሃ አያስገባም። የበሩን ጎማ ንካው።»

ከድር ነካው። ጎማው ደረቅ ነበር። ሁለቱ ተያዩ፤ ከዚያ ቀና አሉ። ሽቦው ከጣሪያው ክፈፍ ተነሥቶ ወደ ሳጥኑ አናት ቁልቁል ይወርዳል። አንድ የዝናብ ጠብታ ሽቦውን ተከትላ ስትንሸራተት አዩዋት። ሳጥኑ አናት ላይ፣ ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ ዘንድ ስትደርስ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ገባች።

«ከላይ የበሳኸው ለምንድን ነው?» አለ አጥናፉ።

«ይቀርባል። ሽቦ አያስፈጅም። ቀጥ ብሎ ሲወርድም ያምራል።»

«ከታች ብትበሳውስ?»

«ሽቦው ከሳጥኑ ዝቅ ብሎ ወርዶ ወደ ላይ ይታጠፍ ነበር። ውሃው መታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሽቅብ አይወጣም።» ከድር ይህን ሲናገር ድምፁ እየወረደ ሄደ። «አውቀው ነበር። አንተ ጠብታ አይገባም ስትል ሰማሁና ሳጥኑን አምኜ ተውኩት።»

«የመሬት ሽቦውስ? የሾለከው ኮረንቲ ወደ መሬት የሚሄድበት?»

«ደረቅ ሳጥን ምን ያደርግለታል ብዬ ነው። ሳልቫቪታም አላስገባሁለትም፤ ኖሮ ቢሆን ገና ሲሾልክ ያጠፋው ነበር።»

አጥናፉ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ነገር ግን ዓይኑ ሳጥኑ ታች ላይ የተኛው ውሃ ላይ አረፈ። ይህ ውሃ አሁን ብቻ የገባ አይደለም። የዝገቱ ምልክት በሳጥኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ ከፍ ዝቅ እያለ ተሰምሯል፤ ክረምት ሲሆን ሞልቷል፣ በጋ ሲሆን ጎድሏል። ከድር ውሃው የገባበትን ቀዳዳ ቢከፍትም፣ አጥናፉ ራሱ ደግሞ የሚወጣበትን አንዳች ቀዳዳ አልተወለትም። ብየዳው በጣም ጥሩ ስለሆነ ሳጥኑ ማሰሮ ሆኗል።

«ውሃው በአንተ በኩል ገባ፣ በእኔ በኩል መውጫ አጣ» አለ።

አስካለ ከኋላቸው ቆማ ትሰማለች። «ልጄ ጠዋት እዚህ ቧንቧ ሥር ቁጭ ብላ ነበር» አለች።

የእሷን ሳጥን ያንኑ ዕለት አስተካከሉት። ሽቦውን ከታች አስገቡት፣ የላይኛውን ቀዳዳ ደፈኑት፣ ሳጥኑን ከመሬት ሽቦ ጋር አያያዙት፣ ሳልቫቪታ አስገቡለት። ከሳጥኑ ወለል ዝቅተኛው ጥግ ላይም አጥናፉ ትንሽ ቀዳዳ በስቶ ነፍሳት እንዳይገቡበት በቀጭን ወንፊት ሸፈናት።

ሲመለሱ ከድር «የሌሎቹን ቤት ቀስ እያልን እናያለን» አለ። «ለዕድሳት መጣን እንላለን። የትምህርት ቤቱን ደግሞ ከማስረከብህ በፊት ታች ታቹን ብሳው። ማን ያውቅብናል?»

አጥናፉ ሱቁ ገብቶ ሰማያዊዎቹን ሳጥኖች እያየ ተቀመጠ። የከድር ምክር ብልህነት የሌለው አይደለም፤ ሳጥኖቹ ይበሳሉ፣ ልጆቹም ይድናሉ፣ የእሱም ስም ይተርፋል። ግን «ለዕድሳት መጣን» ሲሏቸው ሰዎቹ ምን ይላሉ? ሳጥናችን ደህና ነው፣ ከበዓል በኋላ ኑ፣ ከክረምት በኋላ ኑ ይላሉ። አደጋ መኖሩን ያልሰማ ሰው በሩን የሚከፍትበት ምክንያት የለውም። እስከዚያው ልጆቻቸው ሳጥኑን ይነካሉ። ልጆቹን ያውቃቸዋል፤ በገበያ ቀን ባልዲ የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው።

ከበዓሉ በኋላ አንዱን ሰማያዊ ሳጥን ተሸክሞ የኮሚቴው ሰብሳቢ ወደሆኑት ወይዘሮ ትርፌ ሄደ።

«ሊያስረክቡ መጡ?» አሉት።

«ልነግርዎ ነው የመጣሁት። ሳጥኑ ልክ አይደለም።»

«ማን አለ?»

«እኔ።»

ወይዘሮ ትርፌ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሌላ በያጅ ቢለኝ ቅናት ነው ብዬ አባርረው ነበር። ታዲያ ያን ቀን ውሃ አፍስሰን ያየነው ምንድን ነው?»

«ባልዲ ውሃ ሲደፋበት እንደማያስገባ ነው ያያችሁት። የገባ ውሃ በየት እንደሚወጣ አላሳየኋችሁም። እኔም አስቤው አላውቅም።»

የአስካለን ነገር ከነበጉ ነገራቸው። ተሳስቶ የተናገረውንም፣ ሰዎች ሲስቁባት አብሮ ፈገግ ማለቱንም አልደበቀም። ወይዘሮ ትርፌ ሰምተው «ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ» አሉ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠ። አጥናፉ ይህን ጠብቆ ነበር፤ ሲሰማው ግን መጠበቁ አላቀለለለትም። ሰማያዊዎቹ ሳጥኖች ሱቁ ውስጥ ቀሩ።

ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ አጥናፉና ከድር መሰርሰሪያቸውን ይዘው ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። አቀባበሉ ቀላል አልነበረም። አንዱ «መርፌ አያሾልክም ብለህ ሸጠህ አሁን በመሰርሰሪያ ልትበሳው?» አለው። አንዷ ሳጥኑን ነቅሎ እንዲወስድላት ጠየቀችው፤ ነቅሎ ወሰደላት። ሌላው በር ሳይከፍት በአጥር ላይ ሆኖ ሰደበው፤ በማግስቱ ግን ራሱ ሱቅ ድረስ መጥቶ ጠራው። ከሳጥኖቹ ብዙዎቹ ውሃ ተኝቶባቸው ነበር። ጥቂቶቹ ደረቅ ነበሩ።

መጨረሻ ላይ የቀሩት አቶ ጎሹ የተባሉ ጡረተኛ ናቸው። ከአጥናፉ የመጀመሪያውን ሳጥን የገዙት እሳቸው ነበሩ፤ በሳጥኑም ይኮራሉ።

«የእኔን አትነካም» አሉት። «ነዝሮኝ አያውቅም።»

«ከፍተን እንየው፣ አባባ።»

ከድር መብራቱን አጥፍቶ በሩን ከፈተው። ውስጡ ደረቅ ነው፤ የዝገት ምልክት እንኳ የለውም። አቶ ጎሹ በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ።

«አላልኩህም? በል መሰርሰሪያህን ይዘህ ሂድ።»

አጥናፉ ግን ተንበርክኮ የሳጥኑን ዝቅተኛ ጥግ በጣቱ እየፈለገ ነበር።

«ደረቅ መሆኑን በዓይንህ እያየህ ምን ልሁን ብለህ ነው የምትበሳው? ውሃ ሲገባ ያን ጊዜ ና።»

«አባባ፣ ውሃ ከገባ በኋላ የሚመጣው በያጅ አይደለም። እድር ነው።»

አቶ ጎሹ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መሰርሰሪያው እንዳይንሸራተት ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ያዙለት።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው የቤት ነው። ከቤታችን ውጭ የሚሰቀል የመብራት ሳጥን ዝናብን መከልከሉ ብቻ አይበቃውም፤ ሽቦው ከታች ይግባ፣ የገባ ውሃ መውጫ ይኑረው፣ ብረቱ ከመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ፣ ሳልቫቪታም አይለየው። «ትንሽ ይነዝራል» የሚባል ነገር የቤት ጠባይ አይደለም፤ ባለሙያ የሚጠራበት ምልክት ነው።

ሁለተኛው የሰው ነው። አጥናፉን ያሳሳተው ሥራውን አለማወቁ አይደለም፤ ሥራውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ያሳሳተው «ወደ እኔ ስህተት አይገባም» ማለቱ ነው። እንዲህ የሚል ሰው የገባው ስህተት የሚወጣበትን መንገድ አያበጅም፤ ስህተቱም ውስጡ ተኝቶ ሌላ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል። ስህተት ወደ ሁላችንም ይገባል። ልዩነታችን የሚታየው ሰው ሲነግረን በምናደርገው ነገር ነው።

ባለፈው ጊዜ አንድ ሰው ስለ ሥራችን ቅሬታ ሲነግረን፣ ለማየት ሄድን ወይስ ቆመን መልስ ሰጠን?