እመት አህይት ያቦካችው ዶሳ

አንድ ጊዜ፣ በደቡብ ሕንድ ኮኮናት በበዛበት ጫካ፣ እመት ዝሆኒት የምትባል ባለሙያ ትኖር ነበር። ሩዝና ጥቁር ምስር ዘፍዝፋ ታስፈጫለች፤ ሊጡን ታቦካለች፤ ጠዋት በጋለ ብረት ላይ ስስ አድርጋ ትጋግርና ዶሳ የሚባለውን ቂጣ ለአራዊቱ ሁሉ ታድላለች። የወፍጮውን ድንጋይ የምታዞርላት እመት አህይት ነበረች። ዝሆኒት ስትሞት እሳቱ ጠፋ፤ አራዊቱም ተበተኑ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አያ አንበሶ አርጅቶ ታመመ፤ ምግብም እምቢ አለ።

«ሥጋ አስጠልቶኛል» አለ። «ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር የበላሁትን ዶሳ ባገኝ ግን እቀምስ ነበር።»

ይህን የሰማ ቀበሮ ሹመት ሸተተውና ወደ አህይት ሮጠ።

«እመት አህይት፣ አንቺ ሊጡን አዘጋጂ፤ ጋግሬ ለጌታችን የማደርሰው እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለችው። «እስከ ነገ ጠዋት ግን እንዳትነካው። ካልቦካ ዶሳ አይሆንም።»

ሊጡን አዘጋጅታ በማሰሮ ስትሰጠው፣ ቀበሮ እንዲጠብቀው አያ ጅቦን አስቀመጠ። ጅብ አንዴ ላሰ፤ ደገመ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሰሮው ተጋመሰ። ቀበሮ መጥቶ ሲያይ፣ «እስከ ነገማ ምንም አይተርፍም» ብሎ የቀረውን ሳይቦካ ጋገረው።

አያ አንበሶ አንዴ ጎረሰና ተፋው።

«ይህ ዶሳ አይደለም» ብሎ ፊቱን ወደ ዋሻው ግድግዳ አዞረ። ቀበሮ ሳይሰናበት ወጣ። ጅብም የላሰው ሊጥ ሆዱ ውስጥ ቦክቶ ሲነፋው፣ ሲያቃስት ሰነበተ።

አህይት ማሰሮውን አጠበች። እንደገና ዘፈዘፈች፣ ፈጨች፤ ሊጡ አረፋ አውጥቶ ኩፍ እስኪል ድረስ አጠገቡ ተኝታ ጠበቀች። ጠዋት ስትጋግር ሽታው ጫካውን ሞላው። አያ አንበሶ ከዋሻው ወጥቶ እየተንገዳገደ መጣ። ጎረሰና ቀስ ብሎ አላመጠ።

«እናቴ ከጎኔ የተቀመጠች መሰለኝ» አለ በመጨረሻ። «ኩርሽም የሚለውን ጠርዙን ቆርሳ ለእኔ ትሰጠኝ ነበር።»

አህይት አንድ ጨመረችለት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሙያው አንቺ ዘንድ ነበር? ለምን ዝም አልሽ?»

«አያ አንበሶ፣ ሸክም ተሸከሚ ከማለት በቀር ሌላ ነገር የጠየቀኝ አልነበረም።»

አንበሳው አንገቱን ደፋ።

«እንግዲህ አሁን ልጠይቅሽ» አላት። «ልጆቼን አስተምሪልኝ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ያለፉት ሰዎች ሙያ ከጎናቸው ሆኖ ዝም ብሎ በሠራው ዘንድ ስለሚኖር፣ ጊዜ ሳያልፍ ቀርቦ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።