እምቢ የማይባልበት ፈቃድ

ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ አንዲት ድረ ገጽ ሠሪ ነበረች። አለቃዋ አቶ ተካልኝ በኢንተርኔት ልብስ ይሸጡ ነበር። ሕጉ የገዢን ኮቴ እየተከተለ የሚመዘግብ ኩኪ የሚባል ፋይል ያለ ፈቃድ አይጫን ስላለ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ መስኮት እንድትሠራ አዘዟት።

«ቁልፉ አንድ ብቻ ይሁን፤ ‹እስማማለሁ› የሚል» አሏት።

«‹አልስማማም› የሚለውስ?» ብትላቸው፣ «እሱን ማን ጠየቀሽ!» ብለው ዝም አሰኟት።

ከጊዜ በኋላ ሕጉ መከበሩን የሚያይ የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጣ። አቶ ተካልኝ ደረታቸውን ነፍተው፣ «ደንበኞቻችን በሙሉ በፈቃዳቸው ተስማምተዋል፤ አንድም እምቢ ያለ የለም። መስኮቱን የሠራችው ትመስክር» አሉ። ዐይናቸው ግን «ሥራሽን ከወደድሽ» ይላት ነበር።

ልጅቷ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «እውነታቸውን ነው፤ እምቢ ያለ የለም» አለች።

አቶ ተካልኝ ፈገግ አሉ።

ልጅቷ ግን ቀጠለች፤ «እኛም አገር ልጃገረድ ከውኃ መንገድ በፈረስ ተጭና ስትወሰድ እምቢ የምትልበት በር አይተዉላትም። ሽማግሌ ሲጠይቅ ግን ‹ወዳ ነው የመጣችው› ይላሉ።»

ተቆጣጣሪው፣ «ይህ እናንተ አገር ምን ይባላል?» አላት።

«ጠለፋ» አለች። «በኮምፒውተርም ስሙ ያው ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»