ሙሉው ማንቆርቆሪያ

ባላባቱ ይማም ሽፋ ለከብቶቻቸው ሣር ፈለጉ። ሣሩ ያለው ግን ወንዝ ማዶ ነው፤ ማዶ ያሉትም እንደ እሳቸው ሙስሊሞች ናቸው። ቢሆንም ባላባቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «ይህ ጂሃድ ነው! ያልዘመተ ጀነትን አያያትም!» ብለው አወጁ።

ወንዱ ሁሉ ፈራ ተባ እያለ ዱላውን አነሳ። አንድ ሰው ብቻ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። በየንጋቱ ለባላባቱ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውኃ የሚያቀርብ ሎሌያቸው ነው።

«አንተ ፈሪ! ጂሃድ ሳትወጣ በምንህ ልትድን ነው?» ብለው ባላባቱ ጮኹበት።

«ጌታዬ፣ እኔማ ከነፍሲያዬ ጋር ጂሃድ ላይ ነኝ።»

ባላባቱ ከት ብለው ሳቁ። «ያማ የሰነፍ ጂሃድ ነው! ከራስ ጋር መታገል ደግሞ ምን ይከብዳል?»

«እንጃ ጌታዬ» አለ ሎሌው። «ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት ውዱእ እንዲያደርጉ ውኃውን ደጅዎ ላይ አስቀምጣለሁ። ረፋድ ላይ ስመለስ ማንቆርቆሪያው እንደ ሞላ ነው። ይኸው ሰባት ዓመት ሙሉ ጋቢዎ ማርኮ ይዞዎታል። መጀመሪያ ከእሱ እጅ እናስለቅቅዎትና ከዚያ ወንዙን እንሻገራለን።»