ቀመስ አደርጋለሁ ያለችው አይጥ

ተረቱ ተጀምሯል፣ ገባ በልና ስማ፤ አይጥ በጉም ላይ የሚንሳፈፍ ከሚመስለው ጎተራ አፍ ቆማ፣ እህላቸውን ሊያከማቹ ለመጡት እንስሳት እየተናገረች ነው።

«የክረምት እህላችሁን እኔ ልጠብቅላችሁ። ግን አልዋሻችሁም፤ ጥሬ ሳይ አፌ አያስችለውም፣ ቀመስ ቀመስ አደርጋለሁ።»

«ወይ ግልጽነት! እንዲህ ያለች እውነተኛ የት ትገኛለች?» አለ ዝንጀሮ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ርግብ ለጫጩቶቿ ብላ ግማሹን እህሏን ክንፏ ስር ሸሽጋ ነበር። ይህን ስትሰማ ልቧ ቅቤ ጠጣ፤ የሸሸገችውንም አውጥታ ጨመረች።

ክረምቱ ገባ፤ ሰማይና ምድር በዝናብ ክር ተሰፉ። ጫጩቶቿ በረሃብ ሲንጫጩባት ርግብ ወደ ጎተራው በረረች። ባዶ ነው። አይጥ ሆዷን ነፍታ ገለባው ላይ ተጋድማለች።

«አንቺ፣ የልጆቼ እህልስ?»

አይጥ እንቅልፍ የተጫነው ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «እንዴ እታለም፣ ምን ደበቅኩሽ? ያኔውኑ ነግሬሽ፣ ደስ ብሎሽ የሸሸግሽውን ጨምረሽልኝ የለም እንዴ?»