በሰው አልባዋ ደሴት ያለው ጉድጓድ

አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበረ። አንቺ ስንዱ፣ «ከዚህ ጤና ኬላ ተዛውሬ ልሄድ ነው፤ ለማላውቃት ተተኪ ብዬ ለምን ሁለት ቀን እቆያለሁ?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና የእሱን ነገር ስሚኝ።

ይህ ሰው ማዕበል ጀልባውን ሰብሮበት ቀይ ባሕር ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ደሴት ተጣለ። ደሴቲቱ ከዳር እስከ ዳር የግማሽ ሰዓት መንገድ ናት። ዛፍ የላትም፤ ዙሪያዋን እንደ ምላጭ የሚቆርጥ የባሕር ድንጋይ ከቧታል። ድሮ ዕንቁ ፈላጊዎች ሰፍረውባት ነበር፤ ዕንቁው ሲያልቅ ሄዱ። ከእነሱ በኋላ ለመርከቦች መብራት የሚያበሩ ሰዎች መጡ፤ እነሱም ሄዱ። የቀረው የፈረሰ ግንብና ስም ያልተጻፈባቸው ሰባት መቃብሮች ናቸው።

በሁለተኛው ቀን ምላሱ አበጠ። በሦስተኛው ቀን ከግንቡ ጀርባ ሲድህ እጁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነካ። እንደ ምንም ገፋው። ከሥሩ ጉድጓድ ነበር፤ ውሃው ጨው ጨው ቢልም ይጠጣል። ያ ክዳን ባይኖር አሸዋ ከደፈነው ስንት ዘመኑ!

በወፍ እንቁላልና በዚያ ውሃ ሰነበተ። በዘጠነኛው ቀን ጀልባ መጣ። ሰውየው እየሮጠ እስከ ወገቡ ባሕር ውስጥ ገባ።

«ቶሎ በል!» ብሎ ጮኸ ባለጀልባው። «ውሃው እየጎደለ ነው፤ ድንጋዩ ከያዘን ሁላችንም አለቅን!»

ነፋሱ አሸዋውን ያፍሰዋል። ሰውየው ጉድጓዱን ክፍት ትቶ ነው የመጣው። ጀልባዋን አየ፤ ወደ ኋላው አየ፤ ዞሮ ሮጠ።

«ጥዬህ መሄዴ ነው!»

የጉድጓዱ ክዳን ከበደው። ሁለት ጊዜ ከእጁ አመለጠ፤ በሦስተኛው ገጠመ። ሲመለስ ጀልባዋ ወደ ጥልቁ ርቃለች። በዚያ ስለታም ድንጋይ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ዋኝቶ፣ በደም ተነክሮ ደረሰባት። ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልኩን አነከሰ።

«ለማን ብለህ ነው?» አለው ባለጀልባው በቁጣ።

«አላውቀውም» አለ። «የከደነልኝም ሰው እኔን አያውቀኝም ነበር።»

ልጄ፣ የትኛዋ እናት ደም እንደሚያንሳት፣ የትኛዋ ያለ ሰው እንደምትወልድ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሳታሳዪያት ብትሄጂ፣ ያቺ ተተኪ እስክታውቅ ድረስ የሚሞት ይሞታል። የሚወስድሽ መኪና ጥሎሽ ሊሄድ ይችላል። ይሂድ፤ አንቺ ግን ክፍት ትተሽ አትሂጂ።