ሁሉም መንገድ ወደ ዝሆን ደጅ

ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደልም እስታለሁ። በአፌ እንዳልነግራችሁ ሰው ፊት ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ ተረት ስላችሁ በልባችሁ «እሺ» በሉኝ።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ የመጣ ዝሆን አንድ ጫካ ገዛ። ሚዳቋ ቅጠል ገበረች፤ ከርከሮ ሥራሥር ገበረ፤ ኤሊ ውኃ ገበረች። ሁሉም በየመንገዳቸው ወደ ዝሆን ደጅ ተመላለሱ።

አንድ ቀን «አንገብርም» ብለው ተነሡ፤ ዝሆንም ወደ መጣበት ሄደ። ጨፈሩ። ከርከሮ ዝሆን ይቀመጥበት የነበረው ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጣ፤ እግሩ ግን መሬት አልደረሰም።

በጋ ገባ። የሚዳቋ ግልገል በውኃ ጥም መቆም አቃተው። ኤሊ የምትቀዳበት ምንጭ ከሚዳቋ ቤት ጓሮ ካለው እሾህ ጀርባ ነው፤ የእንቁራሪቶቹ ድምፅ ይሰማል። ሚዳቋ ግን በለመደችው መንገድ ወደ ዝሆን ደጅ ሮጠች። ከርከሮን ውኃ ብትለምነው፣ እንደ ዝሆን ጊዜ ደጅ እንድትጠና አዘዛት። ኤሊም እዚያው ደርሳ የቀዳችውን ውኃ በዝሆን ባዶ ገንዳ ታፈሳለች፤ ፀሐይ ይጠጣዋል። ሚዳቋ ለማን እንደምትቀዳ ብትጠይቃት፣ ልማድ ነው አለቻት።

ሚዳቋ እያለቀሰች ስትመለስ መንገዱን ጠየቀችው።

«አያ መንገድ፣ ለምን ወደ ምንጩ አትወስደኝም?»

«እመት ሚዳቋ፣ እኔ እግር የሄደበት እሄዳለሁ እንጂ ምን አውቃለሁ?»

«ዝሆን እኮ ከሄደ ቆየ።»

«ዝሆንማ ሄደ። እግራችሁ ግን አልሰማም።»

ሚዳቋ ሮጠች። ቤቷ ስትደርስ ግልገሏን አዝላ እሾሁ ውስጥ ገባች። እሾሁ ማን እንደፈቀደላት ጠየቃት። ደሟ እየተንጠባጠበ አለፈች። ምንጩ ቅርብ ነበር። ግልገሉ ጠጣ፤ ቆመ።

ኤሊ ስትመለስ ይህን አየች። በማግስቱ ሚዳቋን ልትጠይቅ በዚያው በኩል መጣች፤ ድንጋይ ልብሷ እሾሁን አስተኛው። በመጨረሻ ከርከሮም ራበውና ወረደ። ለምን ወረድክ ቢሉት፣ «መቀመጫው ሰፋኝ» አለና እሾሁን ከሥሩ ይነቅል ጀመር።

ዝሆን በአንድ ቀን ይሄዳል፤ መንገዱ ግን ሌላ እስኪረገጥ ይቆያል።

ተረቴ አለቀ፤ ለማንም ያልነገርኩት ግን አለ። ከመንደራችን ኮረብታ ጀርባ ካሉት ሰዎች ጋር የምንገናኘው መንገዱ ሁሉ በሚያደርሰው በከተማው ገበያ ላይ ብቻ ነው። ቋንቋቸውን አላውቅም። ሲዘፍኑ ግን ከጓሯችን ይሰማኛል፤ ምን እንደሚሉ ማወቅ እፈልጋለሁ። እንጨት ልለቅም ብዬ እወጣና በረጅሙ ሣር ውስጥ ወደ እነሱ ትንሽ ሄጄ እመለሳለሁ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው የምረግጠው።

ሣሩ መተኛት ጀምሯል።